ትልቁን ሞተር የመረጥኩ ጊዜ

ሰኔ 19 ቀን 2013፣ ወልዲያ

ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ከሰዓት ጋሽ ሃፍቶም ጋ ሄድኩ፣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑበት ሱቅ። አብረን የምንሠራው የመጫወቻ አውሮፕላን የክንፉ ሙጫ ደርቋል። ቀለሙም አምሯል። የቀረን ሞተር መምረጥ ብቻ።

ተማሪዎቼ ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው ይሉኛል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ከሩብ። በሁለት ቀጭን ሽቦ ይታሰራል፣ መሀል የቆመ ሰው እጀታውን ይዞ ዙሪያውን ያበረዋል። የሚያውቅ ሰው አየር ላይ ይገለብጠዋል። ጋሽ ሃፍቶም ያውቃሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒክ ሳሉ የተማሩት ነው።

ሞተሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የሳቸው፣ ከዚያ ዘመን ያስቀመጡት፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ድምፁም ለስለስ ያለ። ሌላው ወንድሜ ከጅዳ የላከልኝ። ትልቅ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ጋሽ ሃፍቶም በግማሽ ቀልድ፣

"ኢዘዲን፣ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት መሰለህ?" አሉኝ። "ሲወጣም ሲወርድም እኩል የሚጎትት ነው የሚያስፈልገው። ያንተ ከባድ ነው፤ አፍንጫውን ወደ መሬት ይስበዋል።"

"ጭራው ላይ ማመጣጠኛ እርሳስ እናስራለና!"

ሳቁ።

ሰኔ 23

ትልቁን ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስረን አስነሳነው። ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ የለውም፣ ጆሮ ይበጥሳል። ሰው ሁሉ ከየሱቁ ወጣ። ደስ አለኝ… ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኔ 28

ከተማው ወሬ ብቻ ሆኗል። ጦርነቱ ወደዚህ ይመጣል፣ አይመጣም። ትግሬ የሆነ ሰው በክፉ ዓይን መታየት ጀምሯል። ጋሽ ሃፍቶም እዚሁ ወልዲያ ነው የተወለዱት፣ ግን ስማቸው ይበቃል።

ዛሬ በቁም ነገር ለመኑኝ። "ትንሹን እንሰር። ወይ ጊዜው እስኪያልፍ ይቆይ። አሁን ጩኸት አያስፈልገንም።"

ሰበብ ነው አልኩ በልቤ። የሳቸው እንዲመረጥ ነው። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ተማሪዎቼ ፊት ላበረው ቃል ገብቻለሁ። "ወይ ትልቁ ይታሰራል፣ ወይ እኔ የለሁበትም" አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፣ ለሳቸው!

መፍቻቸውን አነሱ። ከዚያ፣ "እሺ፣ እንዳልክ ይሁን።"

ሐምሌ 2

ከጁምዓ በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ሞከርነው። እኔ ለቀቅኩት፣ እሳቸው እጀታውን ያዙ። ሦስት ዙር በረረ። አንዴ ገለበጡት… ያምር ነበር። ጩኸቱ ተራራውን እየመታ ይመለሳል።

አራተኛው ዙር ላይ ሰዎች እየሮጡ መጡ። "ድሮን! ድሮን!" ከኋላቸው መሣሪያ የያዙ የጥበቃ ሰዎች። አውሮፕላኑ ወረደ። አንደኛው የጋሽ ሃፍቶምን መታወቂያ ተቀበለና ስማቸውን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ሞተሩን አነሳው።

"ይሄ ከየት መጣ? የማን ነው?"

የእኔ ነው። ከጅዳ ነው፣ ካርቶኑ እቤት አለ። ይሄን ማለት ነበረብኝ።

"እኔ… ልረዳቸው ነው የመጣሁት" አልኩ።

ጋሽ ሃፍቶም አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣ "ልክ ነው። እሱ ምንም አያውቅም" አሉ።

እሳቸውን ወሰዷቸው። እኔን ግባ ወደ ቤትህ አሉኝ። ገባሁ።

ሐምሌ 3

ባለቤታቸው እትዬ ኣባዲት በጠዋት መጡ። ስኳር በሽተኛ ናቸው፣ ዳገቱን ወጥተው ላብ በላብ ሆነዋል።

"አንተ አስተማሪ ነህ፣ ይሰሙሃል። መጫወቻ ነው በልልኝ። ሞተሩ ያንተ መሆኑን ንገርልኝ፣ በቃ።"

"ነገ እሄዳለሁ" አልኳቸው።

ሐምሌ 5

ደግመው መጡ። ነገ አልኩ። ባለቤቴ ቶይባ ከጓዳ ሰምታለች። እትዬ ኣባዲት ሲሄዱ፣ "ምንድን ነው የምትፈራው?" አለችኝ።

ምን እንደምፈራ አውቃለሁ። እሱም ግብረ አበር ነው ቢሉኝስ? ልጆቼስ?

ሐምሌ 13

አረፋ። ጋሽ ሃፍቶም በየአመቱ በዚህ ቀን ይመጡ ነበር። ሶላት ላይ ኢማሙ ምን እንዳሉ አላስታውስም። እትዬ ኣባዲት ከሐምሌ 5 ወዲህ አልመጡም። ለምን ይምጡ?

ሐምሌ 14

የሞተሩን ካርቶን ይዤ ጋሽ ሃፍቶም ወደ ታሰሩበት ጣቢያ ሄድኩ። በመጨረሻ።

"የለም። ትናንት ማታ እስረኞቹን ወደ ደሴ ጭነዋቸዋል" አለኝ በሩ ላይ ያለው።

የአንድ ቀን ልዩነት።

ነሐሴ 4፣ ውርጌሳ

ወልዲያን ለቀን ወጣን። እስከ መርሳ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ልጆቹ ተኝተዋል። ስንወጣ በእትዬ ኣባዲት በር አለፍን። አንኳኳሁ። "እኔ የት እሄዳለሁ? እሱ ሲፈታ እዚህ ነው የሚፈልገኝ" አሉ። መድኃኒት አለዎት ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2014፣ ወልዲያ

ተመለስን። ቤቱ ተዘርፏል፣ ግን ቆሟል። አልሐምዱሊላህ።

ጎረቤታቸው ዙልፋ ነገረችኝ። እትዬ ኣባዲት ጥቅምት ላይ ሞተዋል። መድኃኒቱ በከተማው ጠፍቶ ነበር። ዙልፋ እስከ መርሳ በእግሯ ሄዳ ፈልጋለች፣ አላገኘችም። የቀበሯቸው ስድስት ሰዎች ናቸው።

ባለቤታቸው አጠገባቸው ቢኖሩ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ይዘዋቸው ይወጡ ነበር። ወይስ እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው?

የካቲት 9

ጋሽ ሃፍቶም ተፈተው መጡ። ከስተዋል። የባለቤታቸውን ሞት የሰሙት መንገድ ላይ ነው። ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ሲወጣ ቀረሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሜዳው መናገር ስጀምር አቋረጡኝ።

"እሱንስ አይቻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ። ፈርተህ ነው። ሰው ይፈራል። እሷ ስትመጣብህ ግን ምን አልካት?"

"ነገ አልኳቸው።"

"ስንት ቀን?"

"አስራ አንድ ቀን።"

ከዚያ፣ "ልጃችን ኣሪያም እሁድ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ለእሷም እንደዚሁ ትነግራታለህ። እኔ ለልጄ ይሄን አልነግራትም" አሉኝ።

የካቲት 13

ነገርኳት። ጥቁር ለብሳለች፣ የእናቷን መልክ ይዛለች። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

"እናቴ ደጅህ ላይ አልቅሳ ነበር?"

"አላለቀሱም። ላብ በላብ ሆነው ነበር።"

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ለቅሶዋን ከዚያ ሰማሁት።

ጋሽ ሃፍቶም እስከ በሩ ሸኙኝ። "መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ቤቴ ግን አትምጣ፣ ኢዘዲን።"

እሺ አልኳቸው።

የካቲት 27

ዛሬ ገበያ ላይ አየኋቸው፣ ጎመን ሲገዙ። ብቻቸውን።

"ሰላም ዋሉ፣ ጋሽ ሃፍቶም" አልኩ።

"ሰላም ዋልክ" አሉኝ። ጎመናቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።