የኃይለየሱስ ቤዝ በእኔ ትከሻ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሌ፤
አሰብ ወደብ።

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎንም ቤትዎንም በጤና እንዲያገኛችሁ እየለመንኩ ነው የምጽፈው። እንዴት ከርመዋል? ያ ወገብዎን የሚይዝዎት ነገር ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጭነት ባራገፋችሁ ቁጥር ያጎብጥዎታል? ሙቀቱስ? ኅዳር ሲገባ ቀለል ይላል ብለውኝ ነበር። ልጅዎ አበባ ያ ትኩሳቷ ተመለሰባት ወይስ ተወት አደረጋት? ትንሿ አሰፋችስ ትምህርቷን ወደደችው? እኔ፣ እሱ የተመሰገነ ይሁን፣ በአካሌ ምንም አልሆንኩም። የጭላሎ ብርድ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሳሩን ነጭ ያደርገዋል። ስንዴው ግን ጥሩ ይዟል ይላሉ ከሳጉሬ የሚመጡ ሰዎች። ልጄ ወልደጻድቅም ደህና ነው፤ ያው ጎሚስታ ቤት ይሠራል።

በመካከላችን የሚመላለሰው ሀሰኖ በነሐሴ ያመጣልኝን ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛው፣ ኃይለየሱስ የእርስዎ ብቸኛ ወንድ ልጅ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቀበሌያችን አውጥቼ እንድልክ ነው፤ ያ ከተገኘ ልጁን ከዘመተበት ከከረን ወደ አሰብ ሊያዛውሩልዎት ቃል የገቡ ሰው አሉ። ሁለተኛው፣ ሀሰኖ «እህትዎ ጊታር ትመታለች» ያለዎት እውነት ይሁን ቀልድ ነው። ወረቀቱን ሦስት ወር አቆየሁብዎት። ቀበሌው ያመላለሰኝ መስሎዎት ይሆናል። ማንም አላመላለሰኝም፤ ያልሄድኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ብዕሩ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይሸሽብኛል። እንግዲህ ከሸሸበት ልጀምር።

እውነት ነው ጋሼ። ጊታር እመታለሁ፤ ያውም ቤዙን፣ ባለ አራት ወፍራም ክሩን።

የቀበሌውን አዳራሽ የማጸዳው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ኃይለየሱስ እኔ ዘንድ ሲኖር በኪነት ቡድኑ ቤዝ ይመታ የነበረውም እዚያው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጊታሩን አስፈቅዶ ወደ ቤት ያመጣው ነበር። ቤዝ ያለ ማጉያ የሚሰማው ለያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙን ከቁም ሳጥኑ ጋር አስደግፎ ይመታል። ያን ጊዜ ሳጥኑ ራሱ ያጉረመርማል፣ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ጣቶቹ የት የት እንደሚያርፉ አያለሁ። እርስዎ ትምህርት ቤት ሲውሉ እኔ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ፊደል እንደለቀምኩት፣ ይህንንም ማንንም ሳልጠይቅ ለቀምኩት።

ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ጊታሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ስጠርግ አነሳዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ፣ መልሼ አቆመዋለሁ። አንድ ቀን ግን አላቆምኩትም። የመስኮቱ መዝጊያ ላይ አስደግፌ ኃይለየሱስ ይመላለስባት የነበረችውን አንዲት ዜማ ሞከርኩ። ዞር ስል የቡድኑ መሪ ጓድ ቱፋ በር ላይ ቆሟል። ቀን አስተማሪ ነው፣ በቡድኑ አኮርዲዮን ይጫወታል። የሚቆጣኝ መስሎኝ መጥረጊያዬን አነሳሁ። እሱ ግን «ሁለተኛዋን ክር ዝቅ አድርገሽ ነው የያዝሻት» አለኝና ጣቴን ገፋ አድርጎ አስተካከለልኝ። በሳምንቱ «ሰው እስክናገኝ» ብሎ አስገባኝ። ሰው አላገኙም። ቤዝ የሚችሉት ወንዶች በየዙሩ ይሄዳሉ፤ እኔን ደግሞ ማንም አይመለምለኝም።

ከተማው ሳቀብኝ። መጀመሪያ መድረክ የወጣሁ ቀን ማንገቻውን በነጠላዬ ላይ ሳጠልቅ ከአዳራሹ አንዱ «መበለቷ መትረየስ ታጠቀች!» ብሎ ጮኸ። ዘፋኛችን ራቢያ በማይክሮፎኑ «አንተ ካልታጠቅክ እሷ ትታጠቅ እንጂ!» ብላ አፉን አስያዘችው። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሳትኩ አልቆጠርኩም። የሙዚቃ ሰው ለመሆን ሳይሆን ከወለሉ ጋር ለመመሳሰል ነበር የምጸልየው።

ከዚያ ግን ተማርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ራቢያ የዘፈነችውን ሁሉ እከተል ነበር፤ ስትወጣ እወጣለሁ፣ ስትወርድ እወርዳለሁ። እሷም የወልደጻድቅ እናት ለማለት «ሃዳ» ብላ ትጠራኛለችና፣ «ሃዳ ወልደጻድቅ፣ እግር እግሬን የምትይው አማቴ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ጓድ ቱፋ ደግሞ «ዘፈኑን ለእሷ ተይላት፤ አንቺ መሬቱን ያዥ» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ጆሮዬን ከዘፈኑ ነቅዬ ድራም መቺው እግር ላይ ተከልኩት። እሱ ሲረግጥ እረግጣለሁ፣ ሲያነሳ እተዋለሁ። ሦስት ጊዜ ከመምታት አንዴ መትቶ ማቆየት ይበልጥ ይከብዳል፤ እጅ ዝም ማለት አይወድም። ጣቴም አስቸግሮኝ ነበር። ወለል አጥቤ ስይዘው በረኪና ያለሰለሰውን ቆዳዬን ክሩ እንደ ምላጭ ይከፍተዋል። ስለዚህ ሥራዬን ገለበጥኩት፤ ጠዋት መጀመሪያ እመታለሁ፣ ከዚያ አጥባለሁ። አሁን የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ቀንድ ሆኗል። የጋለ መክደኛ ያለ ጨርቅ ሳነሳ ወልደጻድቅ ይገረማል።

በሰኔ በክፍለ ሀገሩ ውድድር ሁለተኛ ወጣንና አዲስ መሣሪያ ተፈቀደልን። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተን ሦስት ቤዞች ተደርድረው «አንዱን ምረጡ» ተባልን። ጓድ ቱፋ ቀዩን አይቶ «ይሄ መድረክ ላይ ያምራል» አለ። ራቢያ «ጊታሩ ሊያገባት ነው እንዴ?» አለችው። እኔ የማውቀው ምርጫ የሸክላ ምርጫ ነው። ማሰሮ ስገዛ በጣቴ አንጓ መትቼ ጆሮዬን እንደምሰጠው፣ የእያንዳንዱን ወፍራም ክር አንድ አንድ ጊዜ መትቼ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። ቀዩ ቶሎ ይናገርና ቶሎ ይሞታል። ጥቁሩ አንገቱ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ጣቴ አይደርስም። ሦስተኛው ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ከጠርዙ ተልጧል፣ ከሁሉም ይከብዳል። አንዴ ስመታው ግን እስከ አሥራ አንድ ቆጥሬ እንጨቱ መዳፌ ሥር ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። አንገቱ ቀጭን፣ ክሮቹም ዝቅ ያሉ ናቸው። የኃይለየሱስ ጊታር አንገቱ ጎብጦ ክሮቹ ስለተነሱ ስንት ቀን አድምቶኛል። «ይሄኛውን» አልኩ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «እናቴ፣ ተልጧል እኮ» አለኝ። «እኔም ተልጫለሁ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

የድሮው በምትኩ ይመለስ ተባለ። የልጁን ጊታር በገዛ እጄ አስረከብኩ፤ አላለቀስኩም። ቡናማውን ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ ሽቅብ ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ አለኝ ጋሼ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከምናዘዝልዎት አንዱ ይህ ነው። ልጅዎ በተወሰደበት ቦታ ገብቼ፣ እዚያ ቦታ ላይ ደስ አለኝ።

ሌላው ይበልጣል።

በሰባ ሰባት ዓ.ም. «ዕጣ ወጣበት» ብዬ የጻፍኩልዎት ውሸት ነው። ዕጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ሙቀቱ አልስማማው ብሎ ከአሰብ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ቀበሌው «ከውጭ ለመጣ ዘመድ ስኳርም ሳሙናም የለም» ስላለኝ በቤተሰብ ካርዱ ላይ ልጄ ነው ብዬ አስመዘገብኩት። ወልደጻድቅ በአምስት ወር ይበልጠዋል። አንዲት እናት በአምስት ወር ልዩነት ሁለት አትወልድምና ኃይለየሱስን በአንድ ዓመት ታላቅ አደረግኩት። ለልጁ ስኳር ብዬ ነበር፤ ያኔ ክፋት አልነበረበትም።

በጥር የቀበሌው ሰዎች ካርዱን ይዘው መጡ። ትእዛዙ ከየቤቱ አንድ ወንድ፣ ሁለት ካሉ ታላቁ ይሂድ ነው። ሊቀመንበሩ አነበበና «ኃይለየሱስ» አለ። ሁለቱም ልጆች ደጃፍ ቆመዋል። ታላቁ የእኔው ነው፣ ይሄ የወንድሜ አደራ ነው ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ኃይለየሱስ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ የምናገረውን እየጠበቀ ነበር። ዝም አልኩ። ሰዉ እታገኘሁ ዝምተኛ ናት እያለ ያመሰግነኛል፤ በዚያ ዝምታ የእርስዎን ልጅ ሰጥቼ የእኔን እንዳስቀረሁ አያውቅም። የሽኝቱ ዕለት ቡድኑ ያለ ቤዝ ተጫወተ። ቤዝ መቺው መኪናው ላይ ነበር።

ከገባሁ ወዲህ አራት ዙር ሸኝቻለሁ። እናቶች ሲያለቅሱ ከመድረክ አያቸዋለሁ፣ እጄ ግን አይቆምም፤ እኔ ከቆምኩ ሁሉም ይዛነፋል። ልተው ብል ደመወዜ ከቀበሌው ነው፣ ቤቴ የቀበሌው ነው፣ ሳሙናዬ የቀበሌው ነው። በየት ብወጣ እዚያው አዳራሽ እገባለሁ። እርስዎ ወረቀቱን ሲጠይቁኝ ደግሞ የቀረችኝ ቀዳዳም ተደፈነች። ወረቀቱን ለማውጣት ካርዱ ሐሰት ነው ማለት አለብኝ። ካርዱ ሐሰት ከሆነ ከእኔ ቤት እስካሁን ማንም አልሄደም፤ ባለተራው ወልደጻድቅ ነው። ሦስቱን ወር እዚህ ላይ ቆሜ ነው የፈጀሁት። ዝም ብል የእርስዎ፣ ብናገር የእኔ።

ባለፈው እሑድ ለወልደጻድቅ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «እማዬ፣ አምስት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተን ማን ማንን እንደሚበልጥ የማናውቅ መሰለሽ? ያን ቀን እኔስ አፍ አልነበረኝም?» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አንዱን ነገር ለየብቻ ተሸክመነው ኖረናል። ቀጥሎ «ሂጂና አስተካክይው፤ ዛሬ ነገ እያልሽ ልቤን አታድርቂው» አለና ወጣ። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ሰኞ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ስንት ዓመት አታለልሽን ማለት ነው» አለኝ። አዎ አልኩት። «አስርሽ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ሽኝት አለብኝ፣ ቤዝ የሚመታልኝ ደግሞ የለም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ካርዱ ይቃና ካልሽ ተራውም አብሮ ይቃናል» አለ። «ይቃና» አልኩት። ድምፄ ከመቼውም ይልቅ የወጣ ይመስለኛል፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። አንዱን ስም ሰርዞ ሌላውን ጻፈና ማኅተሙን መታው፤ እርስዎ የጠየቁትንም ወረቀት ሰጠኝ።

የፊታችን ቅዳሜ በሚሸኙት ዝርዝር ላይ ወልደጻድቅ አሥራ ሰባተኛ ነው። ጓድ ቱፋ «አንቺ ቤትሽ ዋይ፣ እንደምንም እንወጣዋለን» ብሎኛል። ራቢያም አልቀለደችም፤ አንገቴን ይዛ ብቻ ቆመች። አልቀርም። ከቀረሁ ከእናቶቹ ጋር ሰዉን ከሚያግደው ገመድ ውጭ ነው የምቆመው፤ እዚያ ሆኖ ልጁን ለይቶ ያየ የለም። ከመድረኩ ግን የመኪናው ወለል ሁሉ ይታያል። እሱም ያየኛል። ስለዚህ ልጄን የምሸኘው ቤዝ እየመታሁ ነው። እጄን አውቀዋለሁ፣ አይስትም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ወረቀቱ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ላብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። እንደደረሰዎት በዚያው ቀን ይውሰዱት። ስለ ወልደጻድቅ ብለው እጅዎ እንዳይያዝ፤ ቢቀመጥም ቢሰጥም የእሱ ስም ተጽፏል፣ አይፋቅም። ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አልደረስኩም። ልጁ አሰብ ሲገባ ብቻ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

አበባን ግንባሯን ሳሙልኝ። አሰፋች የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ እንደለጠፍኩት ንገሯት። ወልደጻድቅ እጅ ነስቶ «ለጋሼ ሰላም በይልኝ» ብሏል። ሀሰኖ ነገ ማለዳ ስለሚነሳ ነው የቸኮልኩት፤ ይህን የመሰለ በፖስታ ቤት የማይላክ ነገር ሁልጊዜ በኪሱ ይዞልኛልና ሳይበላ እንዳትሰዱት። የኃይለየሱስ እናት እትዬ በቀለችን ግን ሰላም በሉልኝ አልልም። መጀመሪያ ይህን ከላይ እስከ ታች ያንብቡላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሰላምታዬን የሚቀበሉ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ያኔ ለእሳቸው ለብቻ እጽፋለሁ።

እህትዎ እታገኘሁ
አሰላ፣ ኅዳር 8 ቀን 1980 ዓ.ም.