ለእማማ ዛቤታ የሰጠሁት ጣሳ

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለቴሜሊና፤ ከባሕር ላይ፣ ከወንድምሽ ከሳኬላሪስ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የአሸዋ ነፋስ ዛሬም ድንኳናችሁን እየደበደበ ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ? የልጅሽ የፖቲስ ዓይን ዳነ? የትንሿ ካሊዮ ጥርስ በቀለ? አማትሽ እማማ ሴቫስቲ ከወገባቸው ጋር እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ነው ስልሽ ሰውነቴን ማለቴ ነው፤ ፊቴን ቀና አድርጌ ሰው ማየት ካቃተኝ ግን ሰንብቷል።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ፓንዴሊስ የሚባል የጀልባችን መካኒክ ነው። የሞተሩ ማስነሻ ክንዱን ሰብሮት፣ እናንተ ተሰዳችሁ ወዳላችሁበት ወደ ጋዛ፣ ሆስፒታል እየሄደ ነው። በፖስታ ብልከው ሳንሱሩ ግማሹን በጥቁር ቀለም ይደፍነዋል። ፓንዴሊስ ቧልተኛ ነው፤ የሚያወራሽን ሁሉ እንዳታምኚ። ስለ ጣሳው የሚነግርሽን ግን እመኚው።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ከካሶስ ደሴት የመጣችው ጎረቤትሽ ምስር ያመጣችበትን ድስት የምትጨምሪበት አጥተሽ ባዶውን ስለ መለስሽላት፣ ውሃ ሰልፍ ላይ እንኳ ዓይኗን ማየት እንዳፈርሽ ጽፈሽልኛል። እውነቱን ልንገርሽና ሳነበው ሳቅሁ። ዓለም እየነደደ እታለም ስለ ድስት ታለቅሳለች ብዬ ለፓንዴሊስ ሁሉ አወራሁለት። እናታችን ቤት ውስጥ ምንም ሲጠፋ የሎሚ ቅጠል ጣል አድርጋ የጎረቤት ሳህን ትመልስ እንደነበር ዘንግቼው ነው። አሁን ያ ሳቄ ያቃጥለኛል።

በየደብዳቤሽ ሥራህ ምንድን ነው፣ መድፍ ትተኩሳለህ ወይ ትይኛለሽ፤ እኔም አድበስብሼ አልፈዋለሁ። እንግዲህ ስሚኝ፦ ወጥ ሠሪ ነኝ። መርከባችንም አባታችን ከባሕር ወለል ስፖንጅ ሊያወጣ ይሄድባት የነበረችውን የምታህል የእንጨት ጀልባ ናት፤ መትረየሱን ከዓሣ መረብ ሥር ደብቀን እንደ አጥማጅ እንሄድባታለን። ሲመሽ ዓይኔ ስለሚደክም መሪም ጥበቃም አይሰጡኝም። አንድ ሰው ድስት መያዝ አለበትና ድስቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ቀን ቀን ከገደል ሥር ተለጥፈን፣ ቅርንጫፍ ለብሰን እንተኛለን። ጭስ አውሮፕላን ስለሚጠራ እሳት የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሞተሩ አጠገብ ባለች ጉድጓድ ውስጥ ጉልበቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቀመጥና የላምባ ምድጃዬን እለኩሳለሁ። ድስቱ በሽቦ ታስሮም ይደፋል። አንድ ምሽት ምስሩ በሙሉ ካፒቴን ፎቲስ እግር ላይ ፈሰሰና፣ “ሳኬላሪስ፣ ዛሬ ራት የምንበላው ከጫማዬ ነው?” አሉኝ። እንግሊዞቹ የሚሰጡን ሻይ ከነከረጢቱ ተቀምጧል፤ ፓንዴሊስ ብሎን ይዘፈዝፍበታል። ከዚያ ውጪ በጥርስ የማይሰበር ብስኩት አለ፤ የታሸገ የበሬ ሥጋ ደግሞ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት እሠራላቸዋለሁ። በዐቢይ ጾም ሥጋ እንደምንበላ ለእማማ ሴቫስቲ እንዳትነግሪብኝ። ጠግቤ ነው የማድረው እታለም። እናታችን ጀርመኖች በያዟት ደሴታችን በካሊምኖስ ምን እንደምትቀምስ ሳላውቅ ጠግቤ አድራለሁ።

አንድ ጥብቅ ትእዛዝ አለን። ባዶ ጣሳ ተበስቶ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል እንጂ የብስ ላይ አይቀርም፤ ለደሴት ሰውም ከጀልባው ቅንጣት ነገር አይሰጥም። አንድ ቤት ውስጥ የእንግሊዝ ሲጋራ ፓኬት ስለተገኘ ጀርመኖች አባትና ልጅን ግድግዳ ሥር አቁመው ረሽነዋል። ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

በጾሙ መጀመሪያ ስሟን ከማልጽፍልሽ ደሴት ውሃ ለመቅዳት ገባን። ባሕሩ ዳር እማማ ዛቤታ የሚባሉ ባልቴት ቤት አለ፤ ጉድጓዱ የሳቸው ነው። “ከቤቴ ውሃ ብቻ ጠጥቶ የሚወጣ እንግዳ የለም፣ ተቀመጡ” አሉን። ካፒቴን ፎቲስ አይሆንም ቢሏቸው፣ “እንግዲያው ውሃውም ይቅርባችሁ” ብለው በሩን ዘግተው ቆሙ። ምን እናድርግ፣ ተቀመጥን። የተቀቀለ የዱር ቅጠልና የደረቀ በለስ አቀረቡልን። ፓንዴሊስማ ጭራሽ፣ “እማማ፣ ከዚች ቅጠል ትንሽ ጣል ያድርጉልኝ” አለ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ጨመሩለት።

ሳህን ላነሣ ጓዳ ገባሁ። ድስቱ ተጠርጓል። የበለሱ ቅርጫት ተገልብጦ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ የለም። የጠገብን ጎረምሶች ሆነን የአንዲት ባልቴት ቀለብ ሙልጭ አድርገን በልተናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ወደ ጀልባው ሮጬ አንድ ጣሳ ሥጋ በካፖርቴ ሸሸግሁና አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥሁት። ባዶውን ቆፍረው ይቅበሩት፣ ማንም እንዳያየው አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና “እግዜር ይስጥልኝ ልጄ” አሉ። እቀብራለሁ አላሉም፤ እኔም ልብ አላልሁም። እንዲያውም ውለታ የከፈልሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የተመለስሁት።

ጾሙ ሳይጋመስ አንድ አጥማጅ፣ ጀርመኖች ያቺን ደሴት ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው አለን። ሄጄ ለካፒቴን ፎቲስ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልመቱኝም። “ምግብ የሰጠሃቸው መስሎሃል” አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ያበሰልሁትን ይበላሉ እንጂ ጣፈጠ አልጣፈጠ ብለውኝ አያውቁም። ፓንዴሊስ እንኳ መቀለዱን ተወ። ምስር ስለቅምም ሽንኩርት ስልጥም የሚታዩኝ እኒያ ባልቴት ግድግዳ ሥር ቆመው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ወደ ደሴቷ ተመለስን። የእማማ ዛቤታ በር ተከፈተና እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር በሽርጣቸው ሸፍነው እያነከሱ ወደኛ መጡ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ይቅር በለኝ ልጄ፣ ዕቃህን አቆየሁብህ” አሉኝ። ጣሳው ነው። ታጥቧል፤ ወረቀቱ ተልጧል፤ ስለታም አፉ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተስተካክሎ በጨርቅ ታስሯል።

ካፒቴን ፎቲስ በፍተሻው ጊዜ የት ነበር ብለው ጠየቋቸው። “እላዩ ላይ ተቀምጬ ሱፍ እፈትል ነበር” አሉ። ወታደሩ ተነሺ ሲላቸው ጉልበቴን ያመኛል ብለው ቀሚሳቸውን ዘርግተው ቁጭ አሉ። ፓንዴሊስ፣ “እማማ፣ ባሕሩ እኮ ደጅዎ ነው፤ ምነው ወርወር ቢያደርጉት?” አላቸው። እናቱ እንዳላሳደገችው አዩትና “የሰው ዕቃ?” አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ይቅበሩት ስትለኝ ልጅ ነው፣ ቤት አያውቅም ብዬ ዝም አልኩህ። ያቆየሁትም የምሞላው አጥቼ ነው” አሉኝ።

ጨርቁን ፈታሁት። ከአለት ስንጥቅ የተፋቀ የባሕር ጨው ነው፤ እላዩ ላይ ጦሲኝ ጣል ተደርጎበታል። ሥጋውን ጾም ነውና አልቀመሱትም፤ ለጎረቤት ልጆች አብልተውታል። እኔ ስሰጣቸው ጾም መሆኑን እንኳ ረስቼ ነበር እታለም። ጎርሰው ለማያውቁት ምግብ ሞት ላይ ተቀምጠው ሱፍ ፈተሉልኝ። ካፒቴን ፎቲስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በአጸፋው ምንም አልሰጠናቸውም። ትእዛዙን አሁን ገና አከበርሁት። እንደ መጡ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እኔ ቆሜ ጀርባቸውን አየሁ። ጣሳውን ጥልቁ ጋ ስንደርስ በስቼ አሰጠምሁት። ካፒቴን ፎቲስ፣ “ጨዉን ወጡ ውስጥ ጨምረው፣ ሁላችንም እንቅመሰው” አሉ።

ከዚያ ጨው አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥሬ በፓንዴሊስ ልኬልሻለሁ። የጎረቤትሽን ድስት ለምነሽ ተዋሺና ይህን ጨምረሽበት መልሺላት። ከየት አመጣሽው ብትልሽ ከወንድሜ ነው በያት፤ እኔ ወንድምሽ ምን እንዳደረግሁ ግን አትንገሪያት።

አማትሽን እማማ ሴቫስቲን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ፖቲስን ዓይኑን አትሽ በይው። ካሊዮን ጉንጯን ሳሚልኝ። ያቺን የካሶሷን ጎረቤትሽንም ሳላውቃት፣ ወንድሜ ሰላም ብሎሻል በያት። ለትንሣኤ ሻማ ስታበሪ ስለ እናታችን ጸልዪ፤ እኔም እጸልያለሁ። ብቻዋን ባለችበት በዚያ ደጅ፣ እንደኔ ያለ ደግ ወጥ ሠሪ እንዳያልፍባት።

ወንድምሽ ሳኬላሪስ
ከካስቴሎሪዞ ወደብ፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ኤፕሪል 1944