ሦስተኛው ምሰሶ ሥር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18። ረፋድ 4፡30

የወ/ሮ ዘነቡን ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነው። ከፊቴ ጥቁር ጫማ ቆመ። ቀና ብል አንድ ቬስት ለባሽ፣ የኮሪደር ልማቱ አስተባባሪ። እስከ ሐሙስ በረንዳውን ልቀቅ አለኝ። ለጥምቀት እንግዳ ከተማው ማማር አለበት። የት ልሂድ አልኩት። ከከብት ተራው ጀርባ የቆርቆሮ ሼድ ተዘጋጅቷል አለ። ይህን ሁሉ ሲል የስፌት መኪናዬን እግር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል! ደሜ ፈላ። ደብተሬ፣ ለሰው የማይነገር ስለሆነ ላንተ ልንገርህ፤ ይህን ሰው ጠልቼዋለሁ።

በረንዳው የሐጂ ኑሩ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው በር ላይ፣ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር አባቴ ሰፋ፣ እኔም እሰፋለሁ። ውል የለ፣ ወረቀት የለ። የአባታቸው ቃል ብቻ። ዛሬ ሐጂ ቆመው ሰሙ፤ ትንፍሽ አላሉም። እሳቸውንም ጠላሁ።

ረቡዕ፣ 20። ከቀኑ 7 ሰዓት

ዕቃ እየሸከፍኩ ነው። ሆዴ ግን እዚያ ጨርቆቹ ላይ። ያልተወሰደ ልብስ አሥራ አራት።

ደረሰኝ ሰጥቼ አላውቅም። አባቴም አልሰጠ። ከደንበኛው ጨርቅ ትንሽ ቀድጄ ለሁለት እቆርጣለሁ፤ ግማሿ ለሱ፣ ግማሿ ልብሱ ላይ በመርፌ። ሲመጣ እናጋጥማለን። ገጠሬ ስሜን አያውቅ፣ እኔም መንደሩን አልጠይቅ። የሚያውቀው ምሰሶውን ነው።

ለምሳሌ አያ ደምሴ፣ ከትክል ድንጋይ የሚመጡት። ለልጃቸው የሠርግ ቀሚስ። ቁራጯን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ሸጋ አርገህ ስፋት፣ የመጨረሻ ልጄ ናት አሉኝ። ጥር መባቻ ነው ሠርጉ። ቅዳሜ ይመጣሉ። ማን ይነግራቸዋል?

አሁን መላ መጣልኝ። ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም፣ በጉልህ፦ «ልብስ ሰፊው ከከብት ተራ ጀርባ ነው።» ጻፍኩ። አምሮልኛል።

አርብ፣ 22። ጠዋት

ሼዱ ውስጥ ነኝ። በጣሪያው ቀዳዳ ፀሐይ፣ በበሩ የበግ ሽታ። ከነጋ አንድ ሰው አልመጣም። ልማት!

ምሰሶውን ላየው ሄጄ ነበር። ግራጫ። ዳር እስከ ዳር ግራጫ ቀብተውታል። ጽሑፌ የለም። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው፣ ጽሑፉ ቢኖርስ ማን ያነበው ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግማሹ ደንበኛዬ ፊደል አልቆጠረም። እንዴት ይህ አልታየኝም? ጅል።

ልብሶቹን እኔ ጋ አስቀምጥ፣ ቁራጭ ያመጣ ይወስዳል አሉ። ለሰኞው ዝምታቸው ቂሜ አልወጣልኝም። በዚያ ቀን የት ነበሩ አልኩና ጥያቸው ሄድኩ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ 23። 11 ሰዓት

ሐጂ በከዘራ እየተደገፉ ሼዱን ፈልገው መጡ። በዚያ ጉልበታቸው። ሳይቀመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ። የነጭ ጨርቅ ቁራጭ።

አያ ደምሴ መጥተዋል። ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ኮሪደሩ ላይ የቆመ አዲስ ጥበቃ፣ ልብስ ሰፊ የሚባል የለም፣ ንጣፉ ላይ አይቀመጥም ብሎ አስነሣቸው። ሐጂ ለሶላት ሱቁን ዘግተው ነበር። ሲመለሱ አያ ደምሴን ሚኒባሱ በር ላይ አገኟቸው። «ምነው እንዲህ ጎዳኝ? አባቱን አምኜ፣ እሱን አምኜ! ለልጄ ምን ልበላት?» ቁራጯን ወርውረው ገቡ። ሐጂ ተጣሩ፣ መኪናው ሄደ።

በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሌባ እባላለሁ። በገበያው ሁሉ። ቬስት ለባሹን ልረግም አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ትናንት ልብሱን ለሐጂ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሚኒባሱ በር ላይ ቀሚስዎ እኔ ጋ ነው ብለው ያስቀሯቸው ነበር። እኔ ነኝ። በኩራቴ።

እሁድ፣ 24። ከቅዳሴ መልስ

አሥራ ሦስቱን ልብስ ሐጂ ሱቅ አስገባሁ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸውም፣ ሰኞ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፣ ሱቁንም እንዳይነኩብኝ ፈርቼ አሉ። ሁለታችንም ዓይናችንን ሰበርን።

ቬስት ለባሹን ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ይህ አልተለወጠም።

ቀሚሱን ተኩሼ አጣጠፍኩ። ሁለቱ ቁራጮች ደረቱ ላይ፣ በአንድ መርፌ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ትክል ድንጋይ። መንደራቸውን አላውቀውም። ገበያው ላይ ቆሜ፣ ልጁን የሚድር ደምሴን የሚያውቅ አለ እያልኩ እጠይቃለሁ። ቢሰድቡኝ እሰማለሁ።

ሐጂም አብሬህ ነኝ ብለዋል። ምስክር ያስፈልግሃል አሉ። ሱቁስ ብላቸው፣ ነገ ይዘጋል አሉኝ።