የወይዘሮ የሺ ድምፅ

ሐሙስ፣ ቢቸና

ዋሸሁ። አፈ ጉባኤው ደውለው «ድምፁ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ሙሉ ነው፣ አንድም አይጎድልም» አልኳቸው። የሞጣዋን ተመራጭ ወይዘሮ የሺን ግን ገና አልጠየቅኳቸውም። የመንግሥት ተጠሪ በክልሉ ምክር ቤት አጀንዳ የሚያስይዝ፣ የአባላቱን ሐሳብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው ይባላል። እኔ ተጠሪው ግን መፍራት ብቻ ነው የማውቀው። ረቡዕ የወል ግጦሹን ለወጣቶች የሚያከፋፍለው አዋጅ ይቀርባል። ከወገናችን አንድ እጅ ከጎደለ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ሞጣ

ወይዘሮ የሺ ምሳ አበሉኝ። ከዚያ «አልደግፍም ልጄ፤ ግዝት አለብኝ» አሉ። የደብሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ግጦሹን አሳልፈው እንዳይሰጡ በካህን አፍ ገዝቷቸዋል። በሳቅ ላልፈው ሞከርኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንተስ የቢቸና ልጅ አይደለህ? ግዝት ምን እንደሆነ ጠፋህ?»

አልጠፋኝም።

ቅዳሜ

ብልጠት መጣልኝ፤ ግዝትን ካህን ይፈታዋል። የገዘቷቸውን ቄስ ፈልጌ አገኘኋቸው። «የሰዉ አፍ ነበርኩ። ሰዉ ፍታ ካለኝ እፈታለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና» አሉኝ።

ተጠሪ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ስለዚህ አዋጅ አንድ ገበሬ አነጋግሬ አላውቅም።

ለነገ፦ ንግግር ማዘጋጀት። ነጠላ መዋስ። ስልክ ማጥፋት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በደብሩ ግቢ ተሰበሰበ፤ ንግግሬን ግን አላስጨረሱኝም። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ወጣቶቹ ይውሰዱ፣ ልጆቻችን ናቸው። በሬው ግን ክረምቱን የት ይዋል? ይህን የጠየቀን አለ?» አሉ። ወጣቶቹም እዚያው ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ግዝቱ ይፈታ ያለ የለም፤ እኔም ይፈታ ብዬ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። ደግሞም ቀለለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ፣ ቢቸና

አጀንዳ የማስያዝ ሥልጣን ካለኝ የማስወጣትም አለኝ። በጠዋት ለአፈ ጉባኤው ደወልኩ። መጀመሪያ መዋሸቴን ተናዘዝኩ። ቀጥዬ አዋጁ ከረቡዕ አጀንዳ ይውጣና ሕዝብ ይወያይበት አልኳቸው።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ወንበርህን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለህ?»

አውቃለሁ አልኩ። «እስኪ እናያለን» ብለው ዘጉት።

ከአጀንዳው ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ናቸው እያልኩ እሮጣለሁ። ባለቤቴ «ለረቡዕ ሱፉን ልተኩሰው ወይስ ይቅር?» አለችኝ። ተኩሺው አልኳት። የኋላ ወንበር ቢሰጡኝም እሄዳለሁ። አዋጁ ከቀረበ የማንደግፈው ከወይዘሮ የሺ ጋር ሁለት እንሆናለን።