ባዶ የተውኳት ዓረፍተ ነገር

ቻንግዎን
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2011

ለዳሶም እናት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና መሆንሽን ከላክሽው ወረቀት አስተጣጠፍ ተረድቻለሁ። ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክለሽ ነው ያጠፍሽው። ቢጨንቅሽ ኖሮ ጠቅልለሽ ፖስታው ውስጥ ትከቺው ነበር። እኔም ደህና ነኝ። እህቴ የጎመን ኪምቺ እየሠራች ትልክልኛለች፤ ያ ያስቸገረኝ የመንጋጋ ጥርስ ተነቅሏል፤ የአሳንሰር ፋብሪካውም እንዳለ አለ። ከዚህ በቀር ግን ተናድጃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን በደንብ አላውቀውም። የምትጠብቂው ፊርማ እዚህ ፖስታ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማየት አትቸኩዪ፤ እባክሽ መጀመሪያ ይህን አንብቢው።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት እገባለሁ። አትሳቂ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሙሉ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች ናቸው፤ ፀጉሩን የሚያቀልም እኔ ብቻ ነኝ። በቀን ሠላሳ ቃል ይሰጠናል፣ ከነትርጉሙና ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ። በማግስቱ እንፈተናለን። ከሃያ አምስት በታች ያመጣ ሰው ትምህርቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይማራል። በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር የሚባል ነገር አላየሁም።

መጽሐፉ ደግሞ የሚያናድድ መጽሐፍ ነው። ዛፍ ላይ ለሚኖር እንስሳ ቃል አለው። ለሹመት ሲል ለሚያጎበድድ ሰው ሦስት ቃል አለው። አባት ልጁን በስልክ ምን እንደሚላት ግን አንድም ገጽ ላይ የለም። መምህርታችን ኖ ትባላለች፣ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፣ ግን ምሕረት የላትም። ትርጉም መሸምደድ አይበቃትም። «በራሳችሁ ሕይወት ዓረፍተ ነገር ካልሠራችሁበት፣ ቃሉ የመጽሐፉ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም» ትላለች።

አንድ ቀን «ያለ ዕረፍት የሚለፈልፍ» የሚል ቃል ደረሰኝ። «የሚስቴ ታላቅ እህት ስልክ ካነሳች አትዘጋም፤ ለፍላፊ ናት» ብዬ ጻፍኩ።

«አባባ፣ ልክ ነው» አለችኝ መምህርቷ። «ግን ትናንትም ስለ እሳቸው ነበር የጻፉት።»

«ምን ላድርግ፣ ሴትየዋ ለብዙ ቃል ትመቻለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ቀን «በምግብ ቁጥብ የሆነ» ለሚለው፣ «በየማታው ፈጣን ኑድል ስለምበላ ቁጥብ ሰው ነኝ» አልኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ቦራም የምትባል ልጅ አንገቷን አስግጋ አነበበችና፣ «ይሄማ ስንፍና ነው አባባ! እንቁላል እንኳ ጣል አያደርጉበትም?» አለችኝ። ፋብሪካ ውስጥ አለቃ ነኝ፤ እዚያ ክፍል ግን አባባ ነኝ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ማንም እንደዚያ ብሎ ስለማይጠራኝ እጠብቀዋለሁ።

ለምን እንደገባሁ አንቺ አይጠፋሽም። በመኸር በዓል ዕለት ዳሶም ስልኩን ተቀብላሽ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር አወራችኝ። የእኛ ቋንቋ እንደሚያደክማት አውቃለሁ፤ በዘጠኝ ዓመቷ ነው ኦክላንድ ይዘሻት የሄድሽው። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። በሳምንቱ «አባቷም ስለፈቀደ» ብለሽ ስትደውዪ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ገብታ እዚያው ለመቅረት እንደጠየቀችኝ የሰማሁት። ያኔ ጮኽኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። «ማን ፈቀደልሽ?» ብዬ ስጮኽባት፣ በእኛው ቋንቋ፣ እየተንተባተበች፣ «አባዬ፣ አንተ ነህ እሺ ያልከው» አለችኝ። «እኔ አላልኩም!» ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

እስቲ አንቺው ፍረጂ። ልጄ እንግሊዝኛ ትወቅ ብዬ ሰባት ዓመት በአንድ ክፍል ቤት ብቻዬን ኖሬ፣ እንግሊዝኛሽ አልገባኝም ብዬ እንዴት ልንገራት? ፋብሪካችን ውስጥ እንደ እኔ ቤተሰቡን ባሕር ማዶ የላከ ሌላ ሦስት ሰው አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቻችን ይደውላሉ፤ አራታችንም በየጥጉ ቆመን «እሺ፣ እሺ» እንላለን። ከዚያ ተመልሰን ሾርባችንን እንጠጣለን። አንዱ ሌላውን «ልጅህ ምን አለህ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ሁላችንም እናፍራለን።

ሐሙስ ዕለት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነበርና፣ ተፈታኞቹን መንገድ እንዳንዘጋባቸው ሥራ የገባነው አንድ ሰዓት ዘግይተን ነው። ከአውቶቡሱ ላይ ሆኜ እናቶቹ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዘው ሲጸልዩ አየሁ። በሚመጣው ዓመት አንቺ እዚያ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ደግሞ ከኋላሽ ትኩስ ነገር ይዤ እቆማለሁ ብዬ ነበር ሰባት ዓመት የቆጠርኩት። የምትሄዱት ልትመለሱ ነበር። እንደዚያ ነበር የተባባልነው።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። «ለቢሮ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ምልክት ያደረግኩበት ላይ ፈርመህ በኖቬምበር መጨረሻ እንዲደርሰኝ አድርግ» ይላል ማስታወሻሽ። የምፈርምባቸው ቦታዎች ላይ ቢጫ ቁራጭ ለጥፈሽልኛል፤ ሌላውን እንዳላይ ነው? ድሮ ቢሆን እሺ ብዬ እፈርም ነበር። አሁን ግን በቀን ሠላሳ ቃል የምማር ሰው ነኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት እሑድ ዐሥራ አንዱን ገጽ ስፈለፍል ዋልኩ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የማውቀው ቃል አገኘሁ።

በኦክቶበር አጋማሽ የተማርነው ቃል ነው። የዚያን ቀን ከሠላሳው ሃያ ዘጠኝ አግኝቼ ነበር፤ ያጎደልኳት አንዷ እሷ ናት። ትርጉሙን ጽፌያለሁ፦ የራስን መብት ወይም ሥልጣን በፈቃድ ለሌላ መልቀቅ። የመጽሐፉ ምሳሌ «ንጉሡ ዙፋኑን ለወንድሙ ለቀቀ» ይላል። እኔ ዙፋን የለኝም። ምን እንደምለቅ ጠፍቶኝ የዓረፍተ ነገሩን ቦታ ባዶ ተውኩት። ያው ቃል አሁን በአንቺ ወረቀት ላይ ከስሜ ቀጥሎ፣ ከዳሶም ስም በፊት ተቀምጧል።

ለቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም፣ የዳሶም እናት። የልጅቷን ነገር ከእንግዲህ የምትወስኚው አንቺ ብቻ ነሽ ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ባለትዳር» የሚለውን ሣጥን ባዶ ትተሽዋል። ስለ እሱ ዛሬ አልጠይቅሽም፤ ሆድ ይፍጀው። ሳይገባኝ ፈርሜው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ልጄን ላናግርበት ብዬ በጨለማ እየተነሳሁ የተማርኩት ቋንቋ መጀመሪያ ያስነበበኝ ይህን ነው።

ትናንት ያቺን ባዶ ቦታ ሞልቼ ለመምህርት ኖ ሰጠኋት። መጀመሪያ «አባትየው ልጁን ለቀቀ» ብዬ ነበር። ሰረዝኩትና፣ «አባትየው መብቱን ለቀቀ፤ ልጁን ግን አልለቀቀም» ብዬ ጻፍኩ። ቆማ አነበበችው። ቀይ እስክሪብቶዋን አላወጣችም።

«ልክ ነው?» አልኳት።

«ልክ ነው አባባ።» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ሌላ የከበደዎት ቃል አለ?»

«የከበደኝስ ሌላ ነው። ሰው ሲያወራሽ ካልገባሽ በእንግሊዝኛ ምን ትያለሽ?»

«እሱማ የጀማሪዎች ነው! ሺህ ቃል ተምረው እሱን አያውቁትም?»

«አላውቀውም። በይ ጻፊልኝ።»

በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አጭር ነው፣ የሚከብድ ቃልም የለበትም። ፋብሪካ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ እያልኩት ሄድኩ፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለቴ ዞረው አዩኝ።

ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ኋላ ታገኚዋለሽ። ያለ እሱ ዳሶም የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ እዚያ እንደ አገሩ ልጅ መማር እንደማትችል አንብቤ ተረድቻለሁ። ንገሪያት፤ የጠየቀችኝ አሁን ገብቶኛል፣ መልሴም እሺ ነው። ያኔም እሺ ብዬ ነበር፤ አላልኩም ማለቴ ውሸት ነበር በያት። ቁም ሳጥን ውስጥ የተውሽውን የክረምት ካፖርትሽን አብሬ ልልከው አስቤ ነበር። ፖስታ ቤቱ አልቀበልም አለኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። አልላክሁትም፤ እዚያ በጋ እየገባ ነው አይደል።

ኦክላንድ ላይ ደግ ጎረቤት አይጥፋችሁ። ጤናችሁ ይሰንብት፣ ልጅቷም ያሰበችው ይሳካላት።

ይህ በደረሰሽ ሳምንት እሑድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ዳሶም ታንሳው። በፈለገችው ቋንቋ፣ በፈለገችው ፍጥነት ታውራኝ። ከእንግዲህ ዝም ብዬ እሺ አልልም። «አልገባኝም ልጄ፣ ድገሚልኝ» እላታለሁ።

የዳሶም አባት
ፒዮ ዶንግቹል