የሸክላ ሠሪዋ የወ/ሮ ብርቅዬ ኩማ የሕይወት ታሪክ (1951–2017 ዓ.ም.)

ወላጅ እናታችን ወ/ሮ ብርቅዬ ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ገልቻ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዱካሌ ሀመሶ በ1951 ዓ.ም. ከከተማችን ወጣ ብላ በምትገኘው ቱላ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ ነገር ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ በመሆናቸው አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ከሦስተኛ ክፍል አቋርጠው ከእናታቸው ጋር ጭቃ ማቡካት ያዙ።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ታደሰ ላሊሞ ጋር ጋብቻ መሥርተው እዚሁ ከተማችን አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር መኖር ጀመሩ፤ ሐዳሳንና ፊልሞንንም ወለዱ። አባታችን በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤቱ በእሳቸው እጅ ላይ ወደቀ።

ጭቃውን ከቱላ በጀርባቸው ያመጡ ነበር። የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ይቀላቅሉበታል፤ ያለዚያ እቃው እሳት አይችልም። ማዞሪያ ስላልነበራቸው እቃው ባለበት ይቆማል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይዞሩታል። ድስቱንም፣ እንስራውንም፣ ሆቴሎች የሚወስዱትን የአበባ ማስቀመጫም እንዲሁ ሲዞሩ ኖሩ። ከእሳት ሲወጣ በጣታቸው መትተው ድምፁ ያላማራቸውን አይሸጡም፣ መልሰው ይፈጩታል። ሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በእሳቸው ድስት ዓሣ ያልሠራ ጥቂት ነው፤ እሳቸውን ገበታ የጠራ ግን ከዚያም ያንሳል።

በ2006 ዓ.ም. ሐዳሳ ስታገባ «እናቴ ነጋዴ ናቸው» ብላ ለአማቶቿ ተናገረች። እናታችን ሰምተው አልተቆጡም። በሠርጉ ዕለት ጥፍራቸው ሥር የቀረው ጭቃ እንዳይታይ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ዋሉ፤ ምሳም አልበሉም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አማቶች መጡ በተባለ ቁጥር ጭቃውን በሸራ ይሸፍኑ ነበር። ደክሟቸው ነበር። ከሥራው ይልቅ መደበቁ ያደከማቸው ይመስለናል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከዚያ በፊት ፊልሞንን ጠርተው፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ነጋዴ በሉኝ፤ ልጄን አታሳፍሯት» ብለው አዘው ነበር።

የሁለት ልጆች እናትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ነጋዴ አልነበሩም፤ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ትእዛዛቸውን ያፈረስኩት፣ ይህንንም የጻፍኩት እኔ ሐዳሳ ነኝ። አማቶቼም እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙ ነው። እማዬ፣ ዘግይቻለሁ።

አዳምን ከአፈር ያበጀ ጌታ የእናታችንን እጆች ከነጭቃቸው ይቀበልልን። አሜን።