ባሕሩ ያረፈደበት ቀን

ኖልዌንዬ፣

በይ ተንፍሺ፣ የባሕር ፍጥረታት ቀናችን በሰላም አለቀ! ፖስተሩ ላይ የጻፍሽው ሰዓት ግን ጉድ ሊሠራን ነበር፤ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት ከማዕበል ሰሌዳው ስትወስጂ፣ በበጋ ሰዓታችንን ወደፊት የምንገፋበትን አንድ ሰዓት መጨመር ረስተሻል። ደሴተኛው ቦቲውን አጥልቆ፣ ተመራማሪዎቻችን ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ዓለቱ ሁሉ ገና ውሃ ውስጥ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“ዶክተር፣ እኛን ስትጠሪ ባሕሩን ረሳሽው?” አለኝ ፋንሽ፣ ያ የባሕር ቀንድ አውጣ ሲለቅም ድንጋዩን ገልብጦ ጥሎ የሚሄደው ሽማግሌ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኛ ከተማ ቢሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ነበር፤ እነዚህ ግን የባሕር ዳርቻው ግንብ ላይ ተደርድረው ባሕሩን ይጠብቁ ጀመር። እኔም ፋንሽ አጠገብ ተቀምጬ፣ በቅቤ የራሰ ኬኩን እየተካፈልን፣ ድንጋይ ተገልብጦ ሲቀር ከሥሩ የሚኖሩትን እንስሳት ፀሐይ እንደሚገድላቸው ነገርኩት።

““ድንጋይ አትገልብጡ” የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ ከምትሄዱ እንዲህ ቁጭ ብላችሁ ብታወሩን ምን ነበር?” አለ።

ውሃው ሲሸሽ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሱ ገለበጠ፤ ሁሉም ካየ በኋላ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ መለሰው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። የከርሞውንም ፖስተር አንቺው ጻፊ፤ ሰዓቱን ግን አደራ፣ እንዳታስተካክዪው።

ሶአዚግ